ባለጸጋው ወጣት ማን ነው?

(ጦቢት 4፥1-21፤ ማቴ. 19፥16-22)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የእንጦጦን ተራራ በመሻገር በጎጃም መንገድ የሚጓዝ ሰው የሱሉልታን ሜዳ አልፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ጫንጮ ከተማ ይደርሳል። አገሩ ብርዳማ፣ የሣርና የወተት አገር ነው። በክረምት ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛበታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ይታጨዳል፣ ድርቆሹ ይከመራል፣ በጭነት መኪናም ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ማለዳ በመንገዱ ዳር የሚቆም ሰው ወተት የያዙ እናቶችና ወጣቶች ወደ መረከቢያው ሲያዘግሙ ያያል። ቀድሞ በዚህ አገር ስለ አንድ ጎልማሳ ኑሮ የሚጠይቅ ሰው፣ «ስንት ከብት አለው?» ይል ነበር። ዛሬ ጥያቄው ተለውጦ፣ «ስንት ካሬ አለው?» ሆኗል።

በዚሁ አካባቢ አንድ ቤተሰብ ልጎበኝ በሄድሁበት ምሽት፣ ቡና ተፈልቶ ከተጸለየ በኋላ፣ የቤቱ እመቤት እንዲህ አሉኝ፦ «አባ፣ የእኔ ልጅ 25 ዓመት ሞላው። የጎረቤቴ ልጅ እኩያው ነው፤ እርሱ ቤት ሠርቷል፣ መኪና ገዝቷል። የእኔው ዛሬም ላም ያልባል። ምን ኃጢአት ቢገኝብን ነው ልጄ ወደ ኋላ የቀረው?» ልጁ የወተቱን ባልዲ እንደያዘ በራፉ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ቀና ብሎም አላየኝ። እኔም መሽቶብኝ ነበርና «እግዚአብሔር ያውቃል፤ እርስዎ ብቻ ይጸልዩ» ብዬ ተነሣሁ። የተናገርሁት እውነት ቢሆንም ለጥያቄያቸው መልስ አልነበረም። በዚያ ምሽት ልመልስ ይገባኝ የነበረውን በዚህ ጽሑፍ ለመመለስ እሞክራለሁ።

ሀ. ዓለም የሚሰፍርበት ቁና

በዘመናችን አንድ ወጣት በ25 ዓመቱ ባለ ቤት፣ በ30 ዓመቱ ባለ መኪና ካልሆነ ከእኩዮቹ መካከል እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ይህ መለኪያ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰዎች የሠሩት ነው። ፍሬው ግን በየቤታችን ይታያል። ጋብቻ ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል፤ ወጣቱ የሚያፈቅራትን ልጅ ወላጆች ፊት ለመቅረብ ያፍራልና። የቀን ሥራውን ገንዘብ ይዞ ወደ ስፖርት ውርርድ ቤት የሚገባው ወጣት ብዙ ነው። ሌላው ወላጆቹ ያላቸውን ሸጠው ባሕር ማዶ እንዲልኩት ያስጨንቃል። ማለዳ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ከሚሮጡት ወጣቶች አብዛኞቹ የሚመለከቱት በሩጫ የበለጸጉትን ጥቂቶች ነው፤ ሮጠው ሮጠው ባዶ እጃቸውን ወደ መንደራቸው የተመለሱትን ግን ማንም አይቈጥራቸውም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል።

በዚህ ረገድ እንዳንሳሳት አስቀድመን አንድ ነገር ለይተን እንናገር። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ሀብትን አትረግምም፣ ችጋርንም አታመሰግንም። መጽሐፈ ምሳሌ የአጉርን ጸሎት ይነግረናል፤ ይህ ጠቢብ ድህነትም ሆነ ብልጥግና እንዳይሰጠው፣ የሚያስፈልገውን እንጀራ ብቻ እንዲያገኝ አምላኩን ይለምናል። ምክንያቱንም ይገልጻል፦ ሲጠግብ እግዚአብሔርን እንዳይክድ፣ ሲደኸይም እንዳይሰርቅ ይፈራል (ምሳ. 30፥8-9)። የሚበላው አጥቶ ለሚያለቅስ ወጣት «ድህነት ጸጋ ነው» ብሎ መስበክ ከወንጌል የራቀ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ወጣቱ ገንዘብ ይኑረው ወይስ አይኑረው ብለን አይደለም። ጥያቄያችን፣ አንድ ወጣት በእውነት «ደኅና ኑሮ አለው» የሚባለው ምን ሲኖረው ነው የሚል ነው።

ለ. የአሥር ዓመት እንጀራ በአንድ ቀን

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና እስከ ጫንጮ ባለው አገር፣ በድንገት ባለ ብዙ ገንዘብ የሆኑ ወጣቶች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መሬታቸው ለከተማ፣ ለፋብሪካ ወይም ለመንገድ ተፈልጎ የተነሡ የገበሬ ልጆች ናቸው። ይህ ገንዘብ ምን እንደ ሆነ አብረን እንመርምር። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ከይዞታው በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣ ቀድሞ በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው የዓመት ገቢ አማካይ 10 እጥፍ ነበር። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ምትክ መሬት ላላገኘው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ካገኘው ገቢ ከፍተኛውን ወስዶ 15 እጥፍ አደረገው። ካሣው ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ከተነሣው ገበሬ ጎን ሆና መጠየቅ ይገባታል።

አሁን ግን ስለ ስሌቱ ላስተውላችሁ እወዳለሁ። ካሣው የ10 ዓመት ገቢ ከሆነ፣ ቤተሰቡ እንደ ገበሬ ቆጥቦ ቢበላ እንኳ በ10 ዓመት ያልቃል። ልጁ ገንዘቡ በተከፈለ ቀን 20 ዓመቱ ከነበረ በ30 ዓመቱ ባዶ እጁን ይቀራል፤ የዕቃ ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር ደግሞ ቀኑ ይፈጥናል። መሬቱ ግን የአባቱን አባት መግቦ፣ አባቱንም መግቦ፣ የልጅ ልጁንም ሊመግብ ይችል ነበር። እንግዲህ ወጣቱ በእጁ የያዘው ትርፍ ሀብት አይደለም፤ ከፊቱ ያሉት የብዙ ዓመታት እንጀራ ተጠቅልሎ በአንድ ቀን የተሰጠው ነው። መኪና የገዛበት ቀን የወደፊት ምሳውን የበላበት ቀን ሊሆን ይችላል። መንደሩ «በለጸገ» ብሎ ባጨበጨበለት ቀን፣ ልጁ ከሁሉ ይልቅ መካሪ የሚያስፈልገው ድኻ ነበር።

ጌታችን ይህን ልጅ አስቀድሞ ያውቀዋል። በሉቃስ ወንጌል የተጻፈው ታናሹ ልጅ አባቱ በሕይወት ሳለ የሚደርሰውን ድርሻ ጠየቀ፤ ሀብቱን ሰብስቦ ወደ ሩቅ አገር ሄደ፤ ገንዘቡ ካለቀ በኋላም ረሃብ መጣ (ሉቃ. 15፥11-16)። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ረሃቡ ቀድሞ መጥቶ ቢሆን ልጁ በእጁ ባለው ገንዘብ ባለፈው ነበር። የመከራው ጽናት ሁለቱ በመገጣጠማቸው ነው። ልጁ የጐደለው የገንዘብ ብዛት አልነበረም፤ ገንዘቡን የሚጠብቅ ጥበብና አብሮት የሚቆም ወዳጅ ነበር።

ሐ. አዝኖ የሄደው ወጣት

ከጌታችን ጋር ተገናኝተው ከነበሩት መካከል ስሙ ያልተጻፈ አንድ ባለጸጋ አለ። ሦስት ወንጌላውያን ታሪኩን ይነግሩናል። ሉቃስ አለቃ እንደ ነበረ ይገልጻል (18፥18)፤ ማርቆስ ጌታ ተመልክቶ እንደ ወደደው ይጽፋል (10፥21)፤ ወጣት መሆኑን የሚነግረን ግን ማቴዎስ ብቻ ነው (19፥20)። ስለዚህ ዘመናችን የሚመኘው ሁሉ በዚህ ሰው ላይ ተሟልቶ ነበር፤ ወጣትነትም፣ ሹመትም፣ ሀብትም፣ መልካም ስምም አለው። ትእዛዛቱንም ጠብቋል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንደ ጎደለው ራሱ ያውቃል፤ ስለዚህም ይጠይቃል። መልሱን በሰማ ጊዜም አዝኖ ሄደ። በወንጌል ውስጥ ጌታ ጠርቶት በኀዘን የተመለሰ ሌላ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ድኾቹ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ጥለው ሲከተሉት፣ «ደኅና ኑሮ አለው» የተባለው ግን መንቀሳቀስ አልቻለም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የዓለም የወጣቶች ዓመት በተከበረበት በ1985 እ.ኤ.አ. ለዓለም ወጣቶች በላኩት መልእክት ይህንን ታሪክ መሠረት አድርገው አስተምረዋል። እንደ ትምህርታቸው ወጣትነት ራሱ ሀብት ነው፤ ሰው ማን እንደ ሆነና ምን እንደሚሠራ የሚያውቅበት፣ የሕይወቱንም ዓላማ የሚወጥንበት ጊዜ ነውና። ያንን ወጣት ወደ ክርስቶስ ያቀረበው ይኸው የውስጥ ሀብት ነበር፤ ከክርስቶስ ያራቀው ደግሞ በውጭ ያከማቸው ንብረት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2019 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ወደዚሁ ሰው ተመልሰው፣ አዝኖ በሄደ ጊዜ ወጣትነቱን ጭምር እንደ ተወ አሳስበዋል። እንግዲህ በ25 ዓመቱ ማርጀት የሚቻል መሆኑን እንወቅ። ያለው እንዳይነካበት ብቻ የሚጨነቅ፣ ከዚህ ወዲያ የሚጠራው ድምፅ የማይሰማ ሰው፣ ጠጕሩ ባይሸብትም አርጅቷል።

መ. የጦቢት ኑዛዜ

ለወላጆች ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ትምህርት በመጽሐፈ ጦቢት ይገኛል። ጦቢት ዓይኑ ጠፍቶ፣ ሀብቱ አልቆ፣ ሚስቱ ሐና በእጅ ሥራ እየተቀጠረች የሚኖር ሰው ነው። አንድ ቀን በሜዶን አገር በራጌስ ከተማ በገባኤል ዘንድ ያስቀመጠው 10 መክሊት ብር ትዝ ይለዋል። የሚሞትበት ቀን የቀረበ መስሎታልና ስለ ብሩ ሊነግረው ልጁን ጦብያን ይጠራዋል።

ይሁን እንጂ ልጁ ቀርቦ ሲቆም ጦቢት ስለ ብሩ አይጀምርም። በመጀመሪያ እናቱን እንዲያከብር ያዝዘዋል። ከዚያም ያለው ጥቂት ቢሆን እንኳ ከዚያው ከጥቂቱ እንዲመጸውት፣ ስለሚያገባት ሴት እንዲያስብ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ሳያሳድር እንዲከፍል፣ በራሱ ላይ እንዲደረግ የማይወድደውን በሌላው ላይ እንዳያደርግ፣ የጠቢባንን ምክር እንዲፈልግ ይመክረዋል። ብሩን የሚጠቅሰው በመጨረሻ ነው። ጠቅሶትም አያበቃም፤ ደኸየን ብሎ እንዳይፈራ፣ እግዚአብሔርን ቢፈራና ከኃጢአት ቢርቅ ብዙ ሀብት እንዳለው ለልጁ ያረጋግጥለታል (ጦቢት 4፥3-21)። እናቱ ሐና ደግሞ ልጇ ለብሩ ሲል መንገድ ሊጀምር መሆኑን ባየች ጊዜ አለቀሰች፤ ገንዘብ በገንዘብ ላይ ከሚጨመር ልጃቸው በፊታቸው ቢኖር እንደሚሻል፣ እግዚአብሔር የሰጣቸው ኑሮም እንደሚበቃቸው ተናገረች (5፥18-20)።

በዚያች ምሽት የጠየቁኝን እናት መልስ እዚህ አገኘሁት። እኛ ብዙ ጊዜ ልጆቻችንን ስለ ብሩ ብቻ እናነጋግራቸዋለን፤ የቀረውን ምክር ስንሞት እንነግራቸዋለን ብለን እናስባለን። ጦቢት ግን ቅደም ተከተሉን አስተካከለው፤ ብር ሊመጣ ያለበትን ቤት አስቀድሞ አዘጋጀው።

ሠ. ሦስት ጥያቄዎች

እንግዲህ ከቅዱስ መጽሐፍ በመነሣት የወጣትን ሀብት የምንለካባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው፦ ከየት መጣ? በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝቦች ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከዚህ የተነሣ በጓሮ የሚደረግ የመሬት ሽያጭ ገበሬውን ያለ ሕግ ጥላ ያስቀረዋል፤ ዋጋው ዝቅ ቢል፣ ደላላው ቢያታልለው የት ሄዶ ይከስሳል? በእንዲህ ያለ መንገድ በ25 ዓመቱ የበለጸገ ወጣት ካለ፣ ሀብቱ የአንድ ሽማግሌ ልቅሶ አለበት። ያዕቆብ ሐዋርያ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል (ያዕ. 5፥4)።

ሁለተኛው፦ ማንን ይመግባል? ያንን ላም የሚያልበውን ወጣት ኋላ ደግሜ ጎብኝቼ ኑሮውን ጠየቅሁት። ሁለት የፈረንጅ ላሞች አሉት። ለበጋው የሚሆን ድርቆሽ በጊዜው ይከምራል፤ ፉርሽካና ፋጉሎ የሚገዛበትን ብር በዕቁብ ያጠራቅማል። ጾም ሲገባ የወተት ገዢ ይቀንሳልና ያን ጊዜ ወተቱን ይንጣል፤ ቅቤውን ለፋሲካ ገበያ ያቆያል። በዚህ ገቢ ታናሽ እኅቱን ያስተምራል፣ የሚያግዘውንም ልጅ ቀን ሳያሳልፍ ይከፍላል። ባለጸጋ ነው ልላችሁ አልፈልግም፤ አንዲት ላም ብትታመምበት ይናጋል። ነገር ግን በእርሱ ድካም ሦስት ሰዎች ያድራሉ፤ ነገም የሚሠራውን ያውቃል። እንግዲህ ወደ ኋላ የቀረው ከማን ነው?

ሦስተኛው፦ ትተኸው መሄድ ትችላለህ? አባ እንጦንስ በግብፅ አገር ወላጆቹ ሲሞቱበት 18 ወይም 20 ዓመት ቢሆነው ነው። ከታናሽ እኅቱና ከ300 አሩራ ለም መሬት ጋር ቀረ። አሩራ የዚያን ጊዜ የግብፅ የመሬት መለኪያ ነው። ይህም በዘመኑ ለአንድ ወጣት ትልቅ ሀብት ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያው የባለጸጋው ወጣት ወንጌል ሲነበብ ሰማ። ያኛው አዝኖ ሲሄድ ይህኛው ግን መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ ዕቃውን ሸጦ ለድኾች አካፈለ። እኅቱንም አልዘነጋም፤ በመጀመሪያ ጥቂት ገንዘብ አስቀመጠላት፣ በኋላም ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጣት። ቅዱስ አትናቴዎስ ይህን የጻፈልን እያንዳንዳችን ወደ በረሃ እንድንወጣ አይደለም። ሁሉም ወጣት እንደ እንጦንስ ሁሉን እንዲተው አልተጠራም፤ ሁሉም ግን ሀብቱን እንደ እንግዳ ዕቃ በላላ እጅ እንዲይዝ ተጠርቷል። ለታመመ ወንድሙ፣ ለእውነተኛ ምስክርነት፣ ለእግዚአብሔር ጥሪ ሲባል ሊተወው የማይችለው ሀብት ካለ፣ ባለ ንብረቱ ልጁ መሆኑ ቀርቶ ንብረቱ ሆኗል።

ረ. የእረኛው ዕዳ

ከመፈጸሜ በፊት የራሴን በደል ልናገር ይገባኛል። የእኒያ እናት ጎረቤት ልጅ፣ መኪና የገዛው፣ ካሣው በተከፈለበት ዓመት ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ነበር። ለጣሪያ ጥገና የሚሆን ብዙ ገንዘብ ሰጠን። እኔም በምእመናን ፊት አመሰገንሁት፤ በበዓል ቀን ከፊት ረድፍ አስቀመጥሁት። ያዕቆብ ሐዋርያ የወርቅ ቀለበት ላደረገው ሰው ስለሚሰጥ የክብር ወንበር የጻፈውን (ያዕ. 2፥1-4) በሰሚናሪዮም ተምሬዋለሁ፣ ብዙ ጊዜም ሰብኬዋለሁ። በዚያ ቀን ግን አልታወሰኝም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁ ያለ መኪና መጣ። ከኋላ ተቀምጦ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ጠበቀኝና እንዲህ አለኝ፦ «አባ፣ ገንዘቡ የነበረኝ ጊዜ ሁሉም ሰው ስጠን አለኝ። እርስዎም ተቀበሉኝ። ምን ልታደርግበት ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም።» የምመልሰው ቃል አላገኘሁም። ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም እጄን ተሳልሞ ሄደ።

ውድ ካህናት ወንድሞቼ፣ ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ ይህ ሸክም በእኔ ብቻ ላይ እንዲቀር እለምናችኋለሁ። በቁምስናችሁ አንድ ወጣት ድንገት ገንዘብ ቢያገኝ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁት። ከአባቱ፣ ከሽማግሌዎችና ሒሳብ ከሚያውቅ ምእመን ጋር አብሮ እንዲመክር አስቀምጡት። ላም የሚያልበውን፣ ድርቆሽ የሚከምረውን፣ በትንሽ ደመወዝ የሚያስተምረውን ወጣት ደግሞ በስሙ ጥሩት፤ በጉባኤ ፊት ሥራውን አክብሩለት። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በሚሰማበት ስፍራ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታመዛዝኑት። ባልዲ ይዞ በር ላይ የቆመው ልጅ የሰማው ቃል ዕድሜ ልኩን ሊከተለው ይችላልና።

ለእኒያ እናት ዛሬ መልሴ ይህ ነው፦ እናቴ፣ በልጅዎ ላይ የተገኘ ኃጢአት የለም። ወደ ኋላም አልቀረም። በእጁ ሥራ አለው፣ በማዕዱ የሚካፈሉት አሉ፣ ሲጠራም ይሰማል። ይህን የያዘ ወጣት ጦቢት ለጦብያ ተስፋ የሰጠውን ሀብት ይዟል። የጎረቤትዎን ልጅ ግን ከቡናዎ አያርቁት፤ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልገዋል።

በቤተሰብና በወጣቶች ማኅበር ለመወያየት፦

1. በመንደራችን «ደኅና ኑሮ ያለው ወጣት» የሚባለው ማን ነው? ይህን መለኪያ ማን አወጣው?
2. ጦቢት ለልጁ ስለ ብሩ ከመናገሩ በፊት የመከረውን በተራ ጥቀሱ። እኛ ለልጆቻችን የትኛውን ነግረናል? የትኛውንስ አስቀርተናል?
3. በቁምስናችን ሀብቱን ያጣ ወጣት ተመልሶ ሲመጣ የት ይቀመጣል?

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ባለጸጋ ሳለህ ስለ እኛ የደኸየህ፣ በናዝሬትም በእጅህ ሥራ የኖርህ፣ ለወጣቶቻችን የዕለት እንጀራቸውንና የሚጠብቁበትን ጥበብ ስጣቸው። ባገኙ ጊዜ ከአንተ እንዳይርቁ፣ ባጡም ጊዜ ከቤትህ እንዳያፍሩ አድርጋቸው። በእናትህ በቅድስት ድንግል ማርያምና በሠራተኛው በቅዱስ ዮሴፍ አማላጅነት። አሜን።